የጠዋት ወሬ ደብተር

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ የኮራሁበትም እጅግ ያፈርኩበትም አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ዛሬ የለም። እንዴት እንደጠፋ የምናውቀው ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንደኛዋ ካረፈች ቆይቷል፤ እኔም ዕድሜዬ እየገፋ ነውና ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው የተጠጋበት ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ውስጥ ነው። ያኔ ቦሌ ዛሬ የምታውቁት ቦሌ አይደለም፤ ቪላው ካለቀበት የጤፍ ማሳ ይጀምር ነበር። እኔ ደግሞ የቀበሌው ተመራጭ ነበርኩ። ተመራጭ ስላችሁ አትሳቁ። አዳራሽ ሞልቶ፣ ስሜ ተጠርቶ፣ እጅ ወጥቶልኛል። እጁን ያላወጣ ማን እንደሆነ ከመድረኩ ላይ ስለሚታይ ሁሉም ማውጣቱን ያኔ ልብ አላልኩም። ሕዝቡ የወደደኝ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ስንጎራደድ ሰነበትኩ።

የሥራ ድርሻዬ የሕፃናት ጉዳይ ሆነ። ወንዶቹ ተመራጮች ዞር ብለው የማያዩት ድርሻ ስለነበር ያለ ክርክር ለእኔ ደረሰ። ቀበሌው ከተወረሱት ቪላዎች አንዱን ለመዋዕለ ሕፃናት ሰጥቶ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ልጆቹ እየፈሩት ሱሪያቸው ላይ ይለቁታል። ሊቀመንበሩን እየነዘነዝኩ ጣሪያውን አስጠገንኩ። ለልጆቹ ቁመት የሚሆን መቀመጫ አሠራሁ። ቀን የሚተኙበት ፍራሽ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ወተት፣ በወር አንዴ የምትመጣ ነርስ፣ ሁሉም በንዝነዛ ተገኘ። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ምን እንደሚፈልግ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ ስድስት ታናናሾቼን ስሸከም ነው ያወቅኩት።

መምህርቷ እትዬ ስንዱ ትባላለች። ከእኔ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች፤ ልጆቹ ግን ከእኔ ጩኸት የእሷን ሹክሹክታ ይሰሙ ነበር። የጠዋት ወሬን ያመጣችው እሷ ናት። ብዙዎቹ ልጆች መጀመሪያ ሲመጡ አፋቸውን አይከፍቱም። ዘመኑ አዋቂውም አፉን የዘጋበት ስለሆነ እቤታቸው የሚያጫውታቸው አልነበረም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ልጅ መሃል ያለችው በርጩማ ላይ ወጥቶ እቤቱ ያየውን ያወራል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬው ይቆማል፤ ሲርቅ ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ልጁ ያወራውን ደብተሩ ላይ ይሥላል፤ እትዬ ስንዱ ከሥዕሉ ሥር ራሱ የተናገረውን ቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትጽፍለታለች። በአንድ ዓመት ውስጥ እነዚያ ምላሳቸው የታሰረ ልጆች ሌላውን ሰው አላስወራ አሉ።

እኔ ደግሞ ሹም ስለሆንኩ የራሴን ጨመርኩበት። ወረቀት ብርቅ ስለነበር ደብተሩ እንዳይገነጠል ብዬ ገጹን በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ቆጠርኩት፤ በየገጹ ጥግም የሴቶች ማኅበሩም ኃላፊ ስለነበርኩ በእጄ ያለውን የማኅበሩን ማኅተም መታሁበት። ማንም አላዘዘኝም። ቁጥርና ማኅተም የሌለው ነገር ሥራ አይመስለኝም ነበር።

ቀጥሎ ሪፖርት መጣ። የብዙ ቀበሌዎች የበላይ በሆነው ጽሕፈት ቤት አዳራሽ ሁላችንም ተሰብስበን ያከናወንነውን እናቀርባለን። እኔ ወተቱን ከሦስት ቀን ወደ አምስት ቀን ማሳደግ ፈልጌያለሁ፤ ለዚያ ደግሞ ሥራችን ከሌሎቹ ቀበሌዎች በልጦ መታየት አለበት። ተነሥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «ሕፃናቱ እቤታቸው ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳይደብቁ ይነግሩናል። እኛም በተቆጠረና ማኅተም ባለው መዝገብ እናሰፍራለን።» ተጨበጨበልኝ። ወተቱም አምስት ቀን ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን በደስታ ሰክሬ ነበርና ምን እንዳወጣሁ አልሰማሁትም።

ያ ወር የብሔራዊ ውትድርና ኮታ የሚሞላበት ወር ነበር። ወጣት ወንድ ከመንገድ ጠፍቷል። ዳቦ የሚገዙት እናቶች ናቸው። ቀበሌያችን አራት ሰው ጎድሎበት ሊቀመንበሩ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጓድ መኮንን ብቻውን በእግሩ መዋዕለ ሕፃናቱ ደጃፍ ቆመ። ከበላይ ጽሕፈት ቤቱ የተመደበ ካድሬ ነው። ሰው ሲያናግር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ያለ ሰው ነበር። ለልጆቹ ከረሜላ አደለ። ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ተቀመጠና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አደነቀ። አምስት ዓመት የሆናት ሰዓዳ አጠገቡ ቆማ ከረሜላዋን ስትልጥ ፀጉሯን ዳበሳት።

«ጓድ ትርሲት፣ ሪፖርትሽን ወድጄዋለሁ» አለኝ። «ያንን መዝገብ ባየው።»

እትዬ ስንዱ ቀደመችኝ። የዛሬው ወሬ ገና እንዳልተጻፈበት፣ ሥዕሉም እንዳልተጠናቀቀ ነገረችው።

«ግድ የለም፣ ጨርሱት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዬ ይምጣ። ነገ ጠዋት ደግሞ እኔም መጥቼ ወሬውን እሰማለሁ።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ልጆች አይዋሹም።»

ሲወጣ ልጆቹ በእጃቸው ቻው አሉት።

ልጆቹን ግቢ አስወጥተን በሩን ዘግተን ደብተሩን ከገጽ አንድ ጀምረን አነበብን። መጀመሪያ የሚያስቁት መጡ። «አባዬ ጨው በዛ ሲል እማዬ ሽሮውን ለድመቷ ሰጠቻት።» ቀጥሎ የማያስቅ መጣ። «አባዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ራዲዮ ይሰማል። እኔ ስገባ ያጠፋዋል።» የትኛውን ጣቢያ እንደሚሰማ ለመገመት ካድሬ መሆን አያስፈልግም ነበር። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስንደርስ እትዬ ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሥዕሉ አንድ ቤት ነው። በጣሪያውና በበሩ መካከል አንድ ሰው ተጋድሞ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ በእትዬ ስንዱ ንጹሕ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ከድር ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚተኛው። ሽንቱን በጆግ ያወርድልናል። እማዬ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። ሰዓዳ።»

ከድርን አውቀዋለሁ። የሰዓዳ ታላቅ ወንድም ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። እናቱ ደሴ ሄዷል ብላ ለቀበሌው አስመዝግባዋለች።

«እንዴት ትጽፊዋለሽ?» አልኳት።

«ሰውየው ፈገግ ማለቱን ነበር የማየው» አለች። «እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ሌላ አልታየኝም።»

ልጣላት ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ? ገጹን ገንጥለን እንዳንጥል ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ማኅተሙም የእኔ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት የለፈለፍኩትም እኔ ነኝ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአንድ አፍታ ደብተሩን እንዳለ ልስጠው ብዬ አስቤ ነበር። አራት ሰው ጎድሏል፤ ከድር ባይወሰድ የሌላ እናት ልጅ ይወሰዳል፤ እኔም ከጭንቁ እተርፋለሁ ብዬ ሒሳብ ሠርቼ ነበር። በመስኮቱ ሰዓዳን አየኋት። ከረሜላዋን ነክሳ ግማሹን ለጓደኛዋ ስታካፍል ነበር። ወንድሟ ቢያዝ ያስያዘችው እሷ እንደሆነች አንድ ቀን ታውቃለች። እኔ ያሠራሁላት በርጩማ ላይ ወጥታ፣ እኔ አፏን አስፈትቼ። ያን ጊዜ ሒሳቡን ተውኩት።

ሐሙስ የአንሶላ ማጠቢያ ቀናችን ነው፤ ልጆቹ ቀን ተኝተው ያረጠቡት አንሶላ በበረኪና ይዘፈዘፋል። እትዬ ስንዱ ደብተሩን አንሥታ በአንድ አንሶላ ጠቀለለችና ሳፋው ውስጥ ከተተችው። በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነችው።

«ሳላየው አብሮ ገባ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አታውቂም» አለችኝ።

አብረን ነው ያደረግነው ልላት ስል አቋረጠችኝ።

«አንቺ ከተያዝሽ ያንን ልጅ ማን ያስወጣዋል? ማኅተም ያለው አንቺ እጅ ነው። ሂጂ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሰዓዳ ቤት ደረስኩ። አባቷ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለም። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ከአንድ ቪላ ጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ታሳድጋለች። ስታየኝ የስፌት መኪናዋን ፔዳል አቆመች። ተመራጭ ነኝ አላልኳችሁም? ሰው እቤቱ ደጃፍ ሲያየኝ ፊቱ የሚሆነውን ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት።

በሩን ዘግቼ ከድር እስከ ስምንት ሰዓት ከዚህ ቤት መውጣት አለበት አልኳት።

«ከድር ደሴ ነው፣ ጓድ» አለችኝ። ዓይኗ አልተነቃነቀም። «አስመዝግቤያለሁ።»

«እትዬ ዘይነባ፣ የሚያወርደውን ጆግ ሳይቀር አውቃለሁ። ልወስደው አይደለም የመጣሁት።»

የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ከላያችን ኮርኒሱ ቀጭን ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀችኝ የፈራሁትን ነው።

«ማነው የነገረሽ?»

የልጇን ስም ብጠራ ሰዓዳ ያን ዕለት ከምትመታው ዱላ ይልቅ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው ይበልጥ እንደነበር ገባኝ። በጓሮ ሳልፍ ኮርኒሱ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሴ ሰማሁ ብዬ ዋሸሁ። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ግን አልደገመችም።

እዚያው የስፌት ጠረጴዛዋ ላይ መሸኛ ጻፍኩ። ወረቀቱ የያዘው ሰው የመዋዕለ ሕፃናቱ ሠራተኛ ነው፣ ከሰንዳፋ ዱቄት ሊያመጣ የተላከ ነው፣ ትብብር ይደረግለት አልኩና ፈርሜ ማኅተሜን መታሁ። ከድር ወረደ። ፀሐይ ያላየ ፊቱ ወረቀት መስሏል፤ ጉልበቱም ቆሞ መሄድ ረስቶ ስለነበር እናቱ ግድግዳውን አስደግፋ ቤቱ ውስጥ አመላለሰችው። ባዶ ጆንያዎች ትከሻው ላይ ጫንኩለት። እናቱን ሳማት፤ እሷ አላለቀሰችም፤ ጆንያውን አስተካከለችለትና ወደ በሩ ገፋችው።

በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ወጣ። መንገድ ጥግ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመው ነበር። ከሩቅ ሆኜ አየሁ። አንደኛው ወረቀቱን ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ እንደገና ገለበጠው። ማንበብ እንደማይችል አውቅ ነበር፤ ማኅተሙን ብቻ ነው የሚያየው። መለሰለትና አሳለፈው። ከዚያ በኋላ የኮተቤ ኬላ አለ፤ እዚያ የቆመው ግን ማንበብ ይችል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእትዬ ስንዱ ጋር የደብተሩን ሬሳ በፌስታል ይዘን ጓድ መኮንን ቢሮ ገባን። እትዬ ስንዱ የተዘጋጀችበትን ተናገረች። እሱ ገጾቹን አንድ በአንድ ሊገልጥ ሞከረ፤ ተጣብቀዋል። ያየው ነገር ቢኖር ሐምራዊ እድፍ የሆነ ማኅተም ብቻ ነው። አልተቆጣም። ጣቱን አሸተተና በመሃረብ ጠረገው።

«ደብተሩ ታጠበ» አለ። «ልጆቹ ግን አልታጠቡም። ነገ ሦስት ሰዓት።»

እሱ አንድ ልጅ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ሁሉም ነገር እንደሚወጣ እናውቃለን። ሰዓዳን ቀርታ ትዋል እንዳንል ከሁሉም ተለይታ መቅረቷ ራሱ ምስክር ነው። እትዬ ስንዱ ልጆቹን ዋሹ ብላ ማስተማር እንደማትችል ነገረችኝ፤ ብትችልም የአምስት ዓመት ልጅ «ዋሽ ተብያለሁ» ብሎ እንደሚናገር ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም ሳንቆርጥ ተለያየን።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ ሁሉ መጡ። እናቶቹ በሩ ላይ የልጆቻቸውን እጅ ለመልቀቅ ከወትሮው ዘገዩ። ዘይነባም ሰዓዳን አመጣች፤ ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችኝም። ጓድ መኮንን ከትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከረሜላ ይዟል።

መጀመሪያ የወጣው አቤል ነው። አቤል አውሮፕላን ሲያልፍ እንኳ ወሬውን የማያቆም ልጅ ነበር። በርጩማው ላይ ወጣ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ምንም አላየሁም» አለና ወረደ።

ሁለተኛዋ ወጣች። «ምንም አላየሁም።» ሦስተኛው ወጣ። ያው። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ካድሬው የልጆቹን ወሬ ሊሰማ እንደሚመጣ እኔ ከቤቷ ስወጣ ለዘይነባ ብቻ ነበር የተናገርኩት፤ ዘይነባ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ውሃ ቦኖው ላይ ላገኘቻት እናት ነግራ ኖሮ በአንድ ሌሊት እያንዳንዱ ቤት ልጁን አስቀምጦ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠንቷል። ሃያ ሁለት ልጆች በአንድ ዓይነት ድምፅ አሉት። ከጽድቅ የተቆጠረ ውሸት ነው፤ ሰው አትርፏል። እኔን ግን በቁሜ ብርድ ብርድ አለኝ።

ሰዓዳ ስትወጣ ወንበሩን አስጠጋ።

«ወንድም አለሽ አይደል?»

የበርጩማዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«የት ነው የሚተኛው?»

በርጩማው ሥር ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ሽንቷን ለቃው ነበር። ወደ ታች አላየችም፣ አላለቀሰችም። «ምንም አላየሁም» አለች።

ሰውየው ተነሣ። እርጥቡን ዘሎ ወደ በሩ ሄደ። «ጥሩ አስተምራችኋቸዋል» አለን። ከዚያ እትዬ ስንዱን ለጥቂት ጥያቄ ብሎ ይዟት ወጣ። ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ እንድታወርድ እንኳ አልጠበቃትም።

ሰዓዳን ወደ መታጠቢያው ወስጄ ልብሷን ቀየርኩላት። እግሯን ሳደርቅላት ጆሮዬን በእጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ስለ ከድር ለሰው ተናግሬ አላውቅም አይደል?» አለችኝ።

«ተናግረሽ አታውቂም» አልኳት። በሁለት ቀን ውስጥ ከአፌ የወጣ ሁለተኛው ውሸቴ ነበር፤ ይሄኛውንም ያመነችኝ መስሎኝ አያውቅም።

እትዬ ስንዱ ሦስት ሳምንት ታስራ ተፈታች፤ ምን እንደገጠማት ነግራኝ አታውቅም፤ ልጆች ፊት እንዳትቆም ግን ተከለከለች። እኔ ከኃላፊነቴ ወረድኩ። መሸኛዬ ከኬላ ተመልሶ ይመጣብኛል ብዬ ወራት ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከድር ተረፈ፤ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ አለው፣ የልጅ ልጅም አይቷል። መዋዕለ ሕፃናቱ አልተዘጋም። ወተቱም አምስት ቀን እንደሆነ ቀጠለ። ልጆቹ ግን ወተታቸውን ጠጥተው፣ ፍራሻቸው ላይ ተኝተው፣ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ ዛሬ ሕዝብ የመረጣችሁ፣ ልመክራችሁ ብዬ አይደለም፤ መካሪ የሚያደርግ ሥራ አልሠራሁም። ጣሪያ አስጠግኑ፣ ወተት አምጡ፣ ሽንት ቤቱን በልጁ ልክ ሥሩ፤ ይሄ ሁሉ ግዴታችሁ ነው፤ እኔም በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን ልጅ አፉን የሚከፍተው ላመነው ሰው ነው። ያንን እምነት በሪፖርት አታጊጡበት። እኔ ጭብጨባ ፈልጌ ነው የሰጠሁት፤ ዋጋውን የከፈለችው የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ሰው ሲመርጠኝ እጁን ሳይሆን ልጁን እንደሰጠኝ ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ዝም እል ነበር።

አሁን የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ የተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ሲጀምር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዷ ስለሆንኩ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሰዓዳ መጣች። አወቀችኝ፤ አንገቴ ሥር ገብታ ሳመችኝ፤ ስለ ድሮው አንዳችም አላነሣችም። የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ነበር። ፎርሙን ከሞላች በኋላ ወደ መምህርቷ ጠጋ ብላ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ስለ ቤት አታናግሪያት» አለቻት። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጅቷን «የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች።